ያለ ምክንያት መድከም

እኛ አገር ለመድከም ምክንያት ማቅረብ ግዴታ ነው። ለመሳቅ ምክንያት አይጠየቅም፤ ለመቆጣትም ያን ያህል። «ዛሬ አቅም አነሰኝ» ያለ ሰው ግን መርማሪው ይበዛበታል። አመመህ? አምሽተህ ነበር? ከሰው ተጣላህ? ምነው፣ ቤት ሰላም አይደለም? ሁሉንም «ኧረ ምንም» እያለ ካለፈ ጠያቂው ከንፈሩን ያጣምምና ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ ያ ሰው በሠፈሩ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው በስንፍና ነው።

ማረፍና ማሳረፍ የማናውቅ ሰዎች ሆነን ግን አይደለም። እንዲያውም ሰውን በማሳረፍ የሚስተካከለን ያለ አይመስለኝም። ሴት ስትወልድ፣ ልጁ ወንድ ከሆነ 40 ቀን፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን፣ ክርስትናው እስኪደርስ ድረስ ገንፎው ከነቅቤው፣ አጥሚቱ ከነማሩ ከመኝታዋ ሳትነሳ ይቀርብላታል። ሙሽራን ከጫጉላ ቤት አውጥቶ «እስቲ እንጨት ፍለጥ» የሚል የለም። ሐዘን የገባበት ቤት እሳት የሚያነድደው ጎረቤት ነው፤ እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮው ከየቤቱ ይመጣል፣ ሐዘንተኛው አልቅሶ ከመቀመጥ በቀር የሚጠበቅበት ሥራ የለም። ለታመመ ሰውማ ብርቱካንና ሙዝ ይዞ የሚመጣው ጠያቂ ከመብዛቱ የተነሳ፣ በሽተኛው ራሱ ተነስቶ ወንበር ማቀበል ይጀምራል።

በዓሉም አለ። ወሩን ቁጠሩት፤ በ5 አቦ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔዓለም። በገጠር ከእነዚህ በብዙዎቹ ቀን ሞፈር አይነሳም፣ ቀንበር አይጫንም። ሰውየው ብቻ ሳይሆን በሬውም ያርፋል። በሬው ሲያርፍ ደግሞ «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ የሚያፋጥጠው የለም።

እንግዲህ አራስነት፣ ሙሽርነት፣ ሐዘን፣ ሕመምና ታቦት የታወቁ የዕረፍት ፈቃዶች ናቸው። መከራው ሳይወልድ፣ ሳያገባ፣ ሰው ሳይሞትበት፣ ሙቀቱ 37 ላይ ቆሞ፣ በዓል በሌለበት ቀን፣ ያውም ማክሰኞ፣ ዝም ብሎ የደከመው ሰው ነው። ለእሱ የተተከለ ድንኳን የለም።

እንዲህ ያለውን ቀን የሚያውቅ ያውቀዋል። የስልኩ ደወል ይጮሃል፣ ጆሮ ይሰማል፣ እጅ ግን አልታዘዝም ይላል። ሰውነት ተጫጭኖት ዓይን ብቻ ይከፈታል። እንደ ምንም ተነስቶ አልጋው ጫፍ ላይ መቀመጥ ይቻላል፤ አንደኛውን ካልሲም ማድረግ ይቻላል። ሁለተኛውን ካልሲ በእጅ ይዞ ግድግዳውን እያዩ ሩብ ሰዓት መቀመጥ ነው የቀኑ ምልክት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ይብሳል። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሮ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ጋቢው ውስጥ ያለው ሙቀት ብቻ እውነት ይመስላል። በእኛ ኮንዶሚኒየም ደግሞ አንድ ሕግ አለ፦ በፈረቃ የሚመጣው ውሃ የሚመጣው ሁልጊዜ በዚያ ቀን ነው። እሱም ቢሆን ጉልበቱ ከመሬት ቤቱ ስለማያልፍ፣ አራተኛ ፎቅ ያለ ሰው ጀሪካኑን ይዞ መውረድ፣ ሞልቶም መውጣት አለበት።

አንድ ነሐሴ ላይ ባዶ ጀሪካኔን አጠገቤ አስቀምጬ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሳለ የመሬት ቤቷ እማማ አገኙኝ።

«ምነው ልጄ? ሥራ የለም እንዴ ዛሬ?»

«ደከመኝ እማማ።»

«ምን አገኘህ?»

«ምንም። ዝም ብሎ ነው።»

«ዝም ብሎማ ሰው አይደክምም። ምች ነው። ትናንት በልተህ ፀሐይ ላይ ወጥተህ ነበር?»

«እማማ፣ ነሐሴ እኮ ነው። ፀሐይ ካየን ስንት ቀናችን!»

ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው ብርድ ነው» አሉ።

እማማ ዘንድ ለምችም ለብርድም መድኃኒቱ አንድ ነው። በራቸው ላይ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ውስጥ ካሳደጉት ዳማከሴ እፍኝ ያህል ቀነጠሱ፤ በመዳፋቸው መሃል እያሹ አረንጓዴውን ጭማቂ ስኒ ቡና ላይ ጠብ ጠብ አደረጉት። የቀረውን ቅጠል ግንባሬ ላይ አሹት፤ እጃቸው ሻካራ ነው፣ ሽታው አፍንጫን ይሰነጥቃል። «በል ጠጣው። እንዳትተፋ! አሁን ውጣና ተከናንበህ ተኛ። ሥራ ምናምን የሚባል አልሰማም።» ጀሪካኑንም ነጠቁኝ። ወጥቼ ተኛሁ፤ ከሰዓት በኋላ ስነሳ ሰው ሆኛለሁ። እማማ እስከ ዛሬ ዳማከሴያቸውን ያመሰግናሉ፤ እኔ በበኩሌ ያዳነኝ «ተኛ» የሚለው ትእዛዝ ነው ባይ ነኝ። ለሁለቱም ምስጋና ይበቃል።

የበሽታው ስም ግን ለመሥሪያ ቤትም ጠቅሟል። አለቃ ዘንድ ደውሎ «ዛሬ አቅም የለኝም» ማለት አይሞከርም። መልሱ የታወቀ ነው፦ «ማን አለውና ወንድሜ?» «ምች መቶኝ ነው» ሲባል ግን ድምፁ ወዲያው ይለሰልሳል። «ውይ! እግዚአብሔር ይማርህ። ነጭ ሽንኩርት በማር ሞክር» ይላል፤ ቀጥሎም የራሱን ምች ከመነሻው እስከ መድረሻው ይተርክልሃል። እንዲህ እያልን ነው አገሩን በሙሉ ምችና ብርድ፣ ጨጓራና ታይፎይድ የሞላነው። ግማሹ በሽታ ማረፍ የፈለገ ሰው የተከናነበው ጋቢ ይመስለኛል።

የውጭውን መርማሪ በዳማከሴ ሸኘነው እንበል። የውስጡስ? ከሁሉ የከፋው እሱ ነው። በደከመን ቀን ራሳችንን የምንሰድበውን ስድብ ሌላ ሰው ቢሰድበን ፖሊስ ጣቢያ እናቆመው ነበር። «አንተ የማትረባ! እኩዮችህ ቤት ሠርተው፣ መኪና ለውጠው፣ አንተ ካልሲ ማድረግ ያቅትህ?» ይላል። ይህን የሚለው ሰው ደክሞት የመጣ እንግዳ ቢያገኝ ጫማውን አስወልቆ፣ እግሩን አሳጥቦ፣ መከዳ ደግፎ «አረፍ በል፣ ቤትህ ነው» የሚል ጨዋ ነው። ለእንግዳው ያልነፈገውን ራሱ ላይ ሲደርስ ይቆልፈዋል።

ነገሩ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ክርስቲን ኔፍ የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ሰው ለገዛ ራሱ ያለውን ርኅራኄ የሚለካ መጠይቅ አሳትመዋል። ጥያቄዎቹ 26 ናቸው። ባጭሩ የሚጠይቁት፣ ነገር ሲበላሽብህ ለወዳጅህ የምታሳየውን ደግነት ለራስህ ታሳያለህ ወይስ ራስህ ላይ ትዘምታለህ ነው። እማማ ይህን ምርመራ «በላህ?» በሚል አንድ ጥያቄ ይጨርሱታል፤ ለጥናቱ ግን ክብር ይገባዋል። ምክንያቱም «ለራሱ የራራ ሰው ይልከሰከሳል» የሚለው የአባቶቻችን ስጋት ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2012 በርክሌይ ላይ ብሬይንስና ቼን የተባሉ ተመራማሪዎች ለተማሪዎች ከባድ ፈተና ሰጡ። ከዚያ የተወሰኑት ራሳቸውን እንዳይወቅሱ የሚያደርግ ለስለስ ያለ ቃል ተነገራቸው። ለሚቀጥለው ፈተና ረዘም ላለ ጊዜ ያጠኑት እነዚያ ለስለስ ያለው ቃል የደረሳቸው ናቸው። የተሰደበ ሰው ይደነግጣል እንጂ አይበረታም፤ በአለንጋ የተማርን ሁሉ እንመሰክራለን።

ይህን የማይቀበሉት ስልካችን ውስጥ ያሉት አነቃቂዎች ናቸው። ቲክቶኩም ዩቲዩቡም «ስኬታማ ሰዎች ሌሊት 11 ሰዓት ይነሳሉ» እያለ ይጮህብናል። የኔ አያት ዕድሜዋን ሙሉ ዶሮ ሲጮህ ተነስታለች። 11 ሰዓት ላይ ወፍጮው ላይ ነበረች፤ ሲነጋ ወንዝ፣ ረፋዱ ላይ ምጣድ፣ ከሰዓት እንጨት ለቀማ። በስኬት ዙሪያ ሥልጠና እንድትሰጥ የጋበዛት ሰው ግን አላየሁም። ማለዳ መነሳት የሚያበለጽግ ቢሆን ኖሮ የአገሪቱ ሀብት በሙሉ በባልቴቶች እጅ በሆነ ነበር።

አነቃቂ መስማት ካማረን ለምን ሯጮቻችንን አንሰማም? ትዕግሥት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ ጨርሳ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራለች። በዚህ ሙያ ውስጥ ቀላል ቀን የሚባል ነገር አለ፤ ልክ እንደ ከባዱ ቀን በፕሮግራም ተይዞ የሚሰጥ። ማለዳ እንጦጦ ወይም ሱሉልታ ጫካ የገባ ሰው አይቷቸው ይሆናል። ባሕር ዛፉ መሃል አንዱ የሌላውን ተረከዝ እየተከተለ፣ ወዲያና ወዲህ እየታጠፉ፣ «እኔም እኮ አብሬያቸው እሮጣለሁ» በሚያሰኝ ዝግታ ያዘግማሉ። ማይክል ክራውሊ የሚባል ብሪታንያዊ አንትሮፖሎጂስት ከአንድ ዓመት በላይ አዲስ አበባ ኖሮ ከእነሱ ጋር ሮጧል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መጽሐፍም ጉልበታቸውን እንዴት እንደሚቆጥቡ በሰፊው ጽፏል። ሯጩ ኮንዲሽኑን ይጠብቃል፤ ከልምምድ መልስ ይበላል፣ ይተኛል፣ ያለ ጉዳይ ከተማ ለከተማ አይዞርም። የዓለም ፈጣን ሰዎች በዝግታ የሚሄዱበት ቀን ሲኖራቸው፣ ከመገናኛ ሜክሲኮ በታክሲ የምንመላለስ እኛ ሁሉንም ቀን የውድድር ቀን ማድረጋችን ምን የሚሉት ጀግንነት ነው?

እናቶቻችን ደግሞ መጽሐፍም አሠልጣኝም ሳይኖራቸው ይህን የድካም ቀን ቀድመው ያውቁት ነበር። ማስረጃው ጓዳቸው ነው። ሽሮን እንይ። አተሩ ወይም ሽምብራው ይለቀማል፣ ይታመሳል፣ ይከካል፣ ገለባው በሰፌድ ይበጠራል። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው፣ ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱና በርበሬው ተሰናድቶ ይጨመራል። ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ልጅ ዱላ ይዞ ዶሮ ይጠብቃል፤ ከዚያ በከረጢት ተይዞ ወፍጮ ቤት ሰልፍ ይገባል። የቀናት ልፋት ነው። ይህ ሁሉ የተለፋው ግን ለጉልበተኛው ቀን አይደለም። ጉልበት ባለን ቀን ዶሮ እንሠራለን፤ ሽሮ በደከመን ቀን ሽንኩርት ጣል፣ ዘይት ጠብ፣ ውሃ፣ ሁለት ማንኪያ ሽሮ፣ አለቀ። ድርቆሽም እንዲሁ ነው፤ ያደረው እንጀራ ተቆራርሶ ፀሐይ ላይ ከደረቀ በኋላ ለወራት ይቀመጣል፣ አቅም የከዳን ዕለት በድልህና በውሃ ራስ ብሎ ይበላል። በሶ ደግሞ እሳት መለኮስ እንኳ ለማይችል ሰው የታሰበ ነው፤ ገብሱ አስቀድሞ ተቆልቶና ተፈጭቶ ስላለቀ በውሃ በጥብጦ ጨው ወይም ማር ጣል ማድረግ ብቻ ነው የቀረው። ቋንጣውን አልጨምርም፣ ምራቅ ያስውጣል።

እኔም ዘመዴን እንጂ ባዳን አልመሰልኩም፤ ደህና በሆንኩበት ቅዳሜ ለደካማው ማክሰኞዬ አዘጋጃለሁ። ጀሪካኖቹን እሞላለሁ፣ የመብራት ካርዱን እሞላለሁ፣ ሸሚዝ ተኩሼ እሰቅላለሁ። ማክሰኞ የመጣ እንደሆነ ከራሴ ጋር ድርድር የለም። ፊቴን እታጠባለሁ፣ እበላለሁ፣ ደመናው ገለጥ ካለ ሰገነቱ ላይ እቀመጣለሁ። ከሥራው የግድ የሆነውን አንዱን መርጬ ሌላውን አሳድራለሁ፤ ያደረ ሥራ እንዳደረ ወጥ አይሻግትም። በተለይ ትልቅ ውሳኔ በዚያን ዕለት አይነካም። የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ አይጻፍም፣ ለፍቅረኛ ረጅም መልእክት አይላክም፣ ፀጉር አይቆረጥም። በደከመኝ ቀን የተቆረጠ ፀጉር ያለበትን ፎቶግራፍ መታወቂያዬ ላይ ይዤ የምዞር ሰው ነኝ።

«ቡና ጠጣና ተነስ» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። ቡናን የምነቅፍ አይምሰላችሁ፤ አቦል ያልጠጣሁበት ጠዋት ጠዋት አይደለም። ነገር ግን ካፌይን የሚሠራው የድካሙን ስሜት መጋረድ ነው፣ ድካሙን አያወጣውም። በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ አምስት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የጠጣነው ጀበና ግማሹ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይም ከእኛ ጋር ነው፤ እንቅልፉን ያሸሻል፣ በማግስቱም ሌላ ጀበና ያስፈልጋል። እንዲህ እያልን ከበረካ በኋላ አራተኛ መጠሪያ ልንፈልግ ነው።

እዚህ ላይ «ሁሉም እንዲህ ካለ አገር ይቆማል» የሚል ቁጡ አንባቢ ይኖራል። አይቆምም። ሰነፍ ሰው ከደከመው ሰው የሚለየው በቀላሉ ነው፤ ሰነፍ ተኝቶ አይጨነቅም፣ የደከመው ሰው ተኝቶም ሥራውን ያስባል። ይልቅ የሚያሰጋው ሌላ ነው። ድካሙ አንድ ቀን ሁለት ቀን ሆኖ ካለፈ የዚህ ወግ ጉዳይ ነው። ሁለት ሳምንት ከዘለቀ፣ የሚወዱት ነገር ሁሉ ካስጠላ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ ግን ወጉም ዳማከሴውም ይቅርና ሐኪም ዘንድ ይኬድ። ደም ማነስም፣ የእንቅርት ዕጢ ችግርም፣ የድብርት ሕመምም «ዝም ብሎ ደከመኝ» ተብለው ሊጀምሩ ይችላሉ፤ ሁሉም መድኃኒት አላቸው።

ሕጉ ራሱ ድካምን ያውቀዋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሳምንት ከ48 ሰዓት በላይ መደበኛ ሥራ አይፈቅድም፤ በየሳምንቱ ያልተቋረጠ 24 ሰዓት ዕረፍት፣ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት ደግሞ 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ጠባያችንን አስቀድሞ ስለተረዳ ሠራተኛው በሥራ ላይ እያለ ፈቃዱ በገንዘብ እንዳይለወጥም ከልክሏል። እኛ ግን ዘዴ አናጣም፤ የዓመት ፈቃድ የምንወስደው ለሠርግ ድግስ፣ ለቤት እድሳትና ለክርክር ቀጠሮ ነው። ከፈቃድ የተመለሰ ሰው ፊቱን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሌላ ፈቃድ የሚያስፈልገው ይመስላል።

ይህም አዋጅ ቢሆን የማይመለከታቸው ሰዎች አሉ። የቤት ሠራተኛ ከአዋጁ ወሰን ውጭ ናት፤ ለእሷ የሚሆነው ደንብ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ይወጣል ተብሎ ነው የታለፈው። በእኛ ብሎክ ውሃ በመጣ ቀን ጀሪካን አዝለው አራተኛ ፎቅ የሚወጡት አብዛኞቹ እነዚህ ልጆች ናቸው። የሚካኤል ዕለትም ይወጣሉ፣ የማርያም ዕለትም። ለእነሱ ምች እንኳ ፈቃድ አይሆንም፤ «ስትሠሪ ይለቅሻል» ይባላሉ። ስለዚህ ቤታችሁ የምትሠራ ልጅ ካለች፣ አንድ ጠዋት ፊቷ ከብዶ ድስቱን ይዛ ቆማ ካያችኋት «ምን ሆነሽ ነው?» እያላችሁ አትመርምሯት። አስተኟት። የዚያን ቀን እንጀራ ከሱቅ ግዙ፣ ውሃውንም ራሳችሁ አውጡ።